የመንጋጋ መገጣጠሚያ መበላት ምንድን ነው?

መንጋጋው ቀጭ የሚል ሰው ሁሉ «መገጣጠሚያህ ተበልቷል» እየተባለ በከንቱ መሸበሩ በጅማ የጥርስና የመንጋጋ ሕክምና የምንሰጥ ባለሙያዎችን ሊያሳስበን ይገባል። መበላት፣ በሕክምና ስሙ ኦስቲዮአርትራይተስ፣ የመገጣጠሚያውን ገጽ የሸፈነው ልሙጥ ልባስ (ካርቲሌጅ) ሲሳሳና ከሥሩ ያለው አጥንት ቅርጹን ሲለውጥ የሚከሰት ሕመም ነው። ቀጭታው ግን አብዛኛውን ጊዜ በመገጣጠሚያው ሁለት አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ ያለው ዲስክ ከቦታው ሸርተት ብሎ አፍ ሲከፈት ሲመለስ የሚሰማ ድምፅ ሲሆን፣ ካላሳመመና አፍ ከመክፈት ካላገደ ሕክምና አያስፈልገውም። መበላትን የሚያጠራጥረው ሻካራ የመፋተግ ድምፅ ነው።

አንድ ተከራካሪ «ዛሬ ቀጭ ያለ ነገ መበላቱ ስለማይቀር ቀዶ ሕክምናው መቅደም አለበት» ብለው ጽፈዋል። ሲጢጥ የሚል በር ሁሉ ምስጥ የበላው አይደለም፤ ሲጢጥታውን ሰምቶ መቃኑን የሚነቅል አናጺም በሩ በኃይል ይወረወር እንደሆነ፣ ክብደቱም ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ እንደሆነ ሳያይ ቤቱን ይጎዳል። ከዚህ በላይ ግን ምስጥ የበላው እንጨት አያገግምም፣ አጥንት ግን ሕያው ስለሆነ ጫናው ሲቀንስለት ራሱን ሊያስተካክል ይችላል። በሲቲ ስካን ክፉኛ የተለወጠ የሚመስል መገጣጠሚያ ምንም ሳያሳምም የሚገኝበት ጊዜም አለ፤ ስለዚህ የምናክመው ታካሚውን እንጂ ምስሉን አይደለም።

ዕድሜ፣ በመንጋጋ ላይ የደረሰ ምት፣ ለረጅም ጊዜ የቆየ የዲስክ መንሸራተትና ከመጠን ያለፈ ጫና ለመበላት ያጋልጣሉ። ጫት በአንድ ጉንጭ ይዞ ለሰዓታት መቃም በመንጋጋ ጡንቻና በመገጣጠሚያው ላይ ጫና ስለሚያበዛ፣ ሕመም ያለበት ሰው ሊተወው ይገባል፤ ሆኖም የቃመ ሁሉ መገጣጠሚያው ይበላል ማለት አይደለም።

ሕክምናው የሚጀምረው ለስላሳ ምግብ በመመገብ፣ ሙቅ ጨርቅ በመያዝ፣ የመንጋጋ እንቅስቃሴ በመለማመድና ለአጭር ጊዜ በሚወሰድ ማስታገሻ ነው፤ አይቡፕሮፌንን የመሰሉ መድኃኒቶች ግን የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ሕመም ላለበት ሰው ያለ ሐኪም ምክር አይሰጡም። ጥርስን የሚሸፍን ተነቃይ ፕላስቲክ ወይም መገጣጠሚያውን በመርፌ ማጠብ ቀጥሎ የሚታሰብ ሲሆን፣ መገጣጠሚያውን መቀየር ሌላው ሁሉ ላልሠራላቸው ጥቂቶች ብቻ ነው። ለዚህ ሕመም ብሎ ጤነኛ ጥርስን መሞረድ ወይም መንቀል ፈጽሞ ተገቢ አይደለም፣ የተሞረደ ጥርስ አይመለስምና። ፊት ላይ እብጠት ወይም መደንዘዝ ከታየ፣ ወይም የእጅ መገጣጠሚያዎችም አብረው ካበጡ፣ ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ መመርመር ያስፈልጋል።