ኒውግሬንጅ፦ ስለ አየርላንዱ ጥንታዊ መቃብር የሚወራው እና ከድንጋዩ ሥር የተገኘው

በምሥራቅ አየርላንድ፣ በሚዝ ግዛት፣ ከቦይን ወንዝ በላይ ባለ ከፍታ ላይ አንድ ትልቅ ክብ ጉብታ አለ። ኒውግሬንጅ ይባላል። አናቱ ሣር ለብሷል። ውስጡ ግን ድንጋይና አፈር እየተነባበረ የተካበ መቃብር ነው። ከዳር እስከ ዳር 85 ሜትር ገደማ ይሰፋል። 19 ሜትር የሚረዝም ጠባብ መተላለፊያ ወደ መሐል ይወስዳል፤ መጨረሻው ላይ በሦስት ወገን ጓዳ ያለው ክፍል አለ። የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3200 ገደማ ነው።

ስለዚህ ቦታ ማኅበራዊ ሚዲያው ላይ የማይባል የለም። አብዛኛው ወሬ ሥራውን ከሠሩት ሰዎች ላይ ነጥቆ ለሌላ ይሰጣል። እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

«የኬልቶች ሥራ ነው»

በሐብል እና በቲሸርት ላይ የምናየው ሦስት ጥምዝ ያለው ቅርጽ «የኬልቶች ምልክት» እየተባለ ይሸጣል። ቅርጹ በእርግጥም ኒውግሬንጅ ውስጥ፣ ከውስጠኛው ጓዳ ድንጋይ ላይ ተቀርጿል። ነገር ግን ኬልቶች የሚባሉት የጥንት አውሮፓ ሕዝቦች በታሪክ ብቅ ያሉት ቢያንስ 2000 ዓመት ቆይተው ነው። ጉብታውን የሠሩት ስንዴና ገብስ የሚዘሩ፣ ከብት የሚያረቡ ገበሬዎች ናቸው። ከአጥንታቸው የተወሰደው ዲኤንኤ እንደሚያሳየው የዘር ግንዳቸው በአብዛኛው ወደ ዛሬዋ ቱርክ ምድር ይመዘዛል። በኋላ፣ በነሐስ ዘመን፣ ሌሎች ሰዎች ከአውሮፓ ምድር እየመጡ ሰፈሩ፤ የሕዝቡም የዘር ግንድ በአብዛኛው ተለወጠ። ስለዚህ የዛሬዎቹን አይሪሾች የእነዚህ ገበሬዎች ቀጥተኛ ልጆች ማድረግም አያስኬድም።

«ከግብፅ የተማሩት ነው»

ዘመኑን ማየት ይበቃል። የኩፉ ትልቁ ፒራሚድ የተገነባው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2560 ገደማ ነው። ኒውግሬንጅ ከ600 ዓመት በላይ ይቀድመዋል። ድንጋይ ክቦ ሙታንን የማኖር ሐሳብ በየአገሩ ለየብቻው ሊወለድ ይችላል። በእኛው ሐረርጌ፣ በጨርጨር ተራሮችም ከትላልቅ ጠፍጣፋ ድንጋዮች የተሠሩ ጥንታዊ መቃብሮች አሉ። እነዚያ ግን ዘመናቸውም ሌላ፣ ሠሪዎቻቸውም ሌሎች ናቸው።

«ያለ ብረት፣ ያለ ጎማ እንዲህ ያለ ነገር አይሠራም»

ከዚህ ተነሥተው ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራንን የሚጠሩም አሉ። ክፍሉን ቀና ብሎ ያየ ሰው ግን ሥራው የሰው ልጅ ብልሃት መሆኑን ይረዳል። ግንበኞቹ ጠፍጣፋ ድንጋዮችን እየደረደሩ፣ እያንዳንዱን ዙር ከሥሩ ካለው ትንሽ ወደ ውስጥ እያስወጡ ካቡት። ጣሪያው እንደ ጎጆ አናት እየጠበበ ሄዶ 6 ሜትር ከፍታ ላይ በአንድ ድንጋይ ተከደነ። ጭቃም ሆነ ኖራ አላገናኘውም። የሚይዘው ከላይ የተጫነው ክብደት ነው።

በጣም የሚገርመኝ የውኃው ጉዳይ ነው። አየርላንድ ዝናቧ አያባራም። በጣሪያው ድንጋዮች ላይ፣ ማንም በማያያቸው ቦታ፣ ውኃ የሚያወርዱ ቦዮች ተፈልፍለዋል። ድንጋዮቹም ውኃው ከክፍሉ ወደ ውጭ እንዲሸሽ ዘንበል ተደርገው ተቀምጠዋል። የመተላለፊያው ጣሪያ ስንጥቅ ደግሞ በተቃጠለ አፈርና በባሕር አሸዋ ተጠቅጥቋል። ክፍሉ ከ5000 ዓመት በኋላም ደረቅ ነው። የመቃብሩን ዕድሜ ያወቅነውም በዚሁ በተቃጠለው አፈር የራዲዮካርቦን ምርመራ፣ ማለትም ካርቦኑን ለክቶ ዕድሜን በሚያሳውቅ ምርመራ ነው።

የጉብታውን ግርጌ 97 ትላልቅ ድንጋዮች ከበውታል። በመግቢያው በኩል የሚታየው ኳርትዝ የተባለው ነጭ ድንጋይ የመጣው ከደቡብ፣ ከዊክሎ ተራሮች ነው። ከእሱ ጋር ያሉት ድቡልቡል ድንጋዮች ደግሞ ከሰሜን ናቸው። ገመድ፣ ግንድ፣ ብዙ እጅ እና ሥራውን የሚያስተባብር ሰው ካለ ይህ ሁሉ ይቻላል። ብረት ሳይኖር ለትውልድ የሚቆይ ነገር ማሰብ የቻሉ ሰዎችን ማድነቅ ሲገባ፣ ሥራቸውን ለሌላ መስጠት ግፍ ነው።

«ፀሐይዋ በበሩ የምትገባው በአጋጣሚ ነው»

በበሩ አይደለም፣ በአጋጣሚም አይደለም። ከበሩ በላይ ሌላ ጠባብ መስኮት አለ። መተላለፊያው ወደ ውስጥ ሲሄድ ወለሉ ከፍ ስለሚል በበሩ የሚገባው ብርሃን ክፍሉ ድረስ አይዘልቅም። የሚዘልቀው በመስኮቱ የሚገባው ነው። ይህም የሚሆነው ቀኑ እጅግ በሚያጥርበት ሰሞን፣ በእኛ ታኅሣሥ 12 አካባቢ ነው። በዚያ ሰሞን ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ነው። ጨረሩ እስከ ክፍሉ ወለል ተዘርግቶ 17 ደቂቃ ያህል ይቆያል።

ቦታውን እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1975 የቆፈረው አርኪዮሎጂስት ማይክል ኦኬሊ ነው። የአካባቢው ሰዎች ፀሐይ እስከ ውስጠኛው ጥምዝ ድንጋይ ትደርሳለች ይሉ ነበር። እሱ መጀመሪያ ላይ ስቶንሄንጅ ከተባለው የእንግሊዝ ጥንታዊ የድንጋይ ክብ ጋር አምታተውት ነው ብሎ አሰበ። ከዚያ ግን ዲሴምበር 21 ቀን 1967 ማለዳ ክፍሉ ውስጥ ጠብቆ በዓይኑ አየው። ዛሬ ብርሃኑ የሚገባው ፀሐይ ከወጣች 4 ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ነው። በተሠራበት ዘመን ግን ልክ ስትወጣ ይገባ እንደነበር በስሌት ታውቋል። ልዩነቱ የመጣው የምድር ዘንግ ዝንባሌ በረጅም ዘመን ስለሚለወጥ ነው።

«ያ የሚያበራ ነጭ ግድግዳ 5000 ዓመት ቆሞ የኖረ ነው»

ድንጋዮቹ ጥንታዊ ናቸው፤ ግድግዳው ግን የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ኦኬሊ ኳርትዙን ያገኘው ከመግቢያው ፊት ለፊት መሬት ላይ ተዘርግቶ ነው። 3 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ቀጥ ያለ ግድግዳ ወድቆ ነው ብሎ ደመደመ። መልሶ ሲያቆመው ከጀርባው በአርማታ መደገፍ ግድ ሆነ። ሌሎች ተመራማሪዎች በዚህ አልተስማሙም። ኳርትዙ ሲጀመር ጀምሮ ከመግቢያው ፊት የተነጠፈ ነበር ይላሉ። በአቅራቢያው ባለው ኖውዝ በተባለ ሌላ ጉብታ ተመሳሳይ ኳርትዝ መሬት ላይ እንደተነጠፈ ነው የተተወው። እኔ ወደዚህኛው አደላለሁ። የድንጋይ ዘመን ሰዎች አርማታ አልነበራቸውም፤ ያለ አርማታ የማይቆም ግድግዳ አቁመው ነበር ማለት ይከብደኛል።

ከመግቢያው ግራና ቀኝ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የሚታየው ጥቁር ግድግዳም ለጎብኚ እንዲመች የተሠራ አዲስ ነገር ነው።

«የንጉሥ መቃብር መሆኑ ተረጋግጧል»

ይህ ከሁሉ አዲሱ ነው። ኦኬሊ ክፍሉ ውስጥ ያገኘው የቢያንስ 5 ሰዎችን አጥንት ነው፤ የተቃጠለም ያልተቃጠለም አለበት። አብረውም ዶቃዎች፣ የአጥንት መርፌዎችና የተወለወሉ ትናንሽ የድንጋይ ኳሶች ነበሩ። መጀመሪያ ስንት ሰው እንደተቀመጠ ከዚህ መገመት አይቻልም። መግቢያው እ.ኤ.አ. በ1699 ድንጋይ በሚያወጡ ሠራተኞች እጅ ተገልጧል፤ ከዚያ ወዲህ ከ260 ዓመት በላይ ያሻው ሰው ሲገባና ሲወጣበት ኖሯል።

እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የዲኤንኤ ጥናት ከነዚህ ሰዎች የአንዱ ወላጆች ወንድምና እኅት፣ ወይም ወላጅና ልጅ እንደነበሩ አሳየ። ተመራማሪዎቹ ይህን ከግብፅ ፈርዖኖችና ከደቡብ አሜሪካ ኢንካ ነገሥታት የወንድምና እኅት ጋብቻ ጋር አነጻጸሩት። ጋዜጦቹም ሰውየውን «አምላክ ንጉሥ» አሉት። እ.ኤ.አ. በ2025 ግን ሌሎች አርኪዮሎጂስቶች ጠንካራ መልስ ሰጡ። የተመረመረው አንድ የራስ ቅል ስባሪ ነው። ተመሳሳይ ጋብቻ ከዚያ ዘመን አየርላንድ በሌላ ሰው ላይ አልታየም። በእንዲህ ያሉ መቃብሮች አብረው የተገኙት ሰዎችም በአብዛኛው የቅርብ ዘመዶች አይደሉም፤ ገዢ ቤተሰብ ቢሆን ኖሮ አባትና ልጅ፣ ወንድምና ወንድም ጎን ለጎን በተገኙ ነበር። የዲኤንኤ ውጤቱ የሚነግረን የአንድን ሰው ወላጆች ዝምድና ነው፤ ዘውዱን የጨመሩት ተርጓሚዎቹ ናቸው።