የወይራ ዘይት ቆዳን «ያረጥባል» ሲባል ምን ማለት ነው?

የወይራ ዘይት ቆዳን ያረጥባል የሚለው አባባል ደጋግሞ ስላከራከረን፣ ቃሉን ከሥሩ ማየት ይሻላል። ዘይት ውኃ ስለሌለው ለቆዳ እርጥበት አይሰጥም፤ ሥራው ቆዳው ላይ ያለው ውኃ በቶሎ ተንኖ እንዳያልቅ በስሱ መሸፈን ነው። አንድ ሰው ታጥቦ አንዱን ክንዱን ገና እርጥብ ሳለ፣ ሌላውን ግን ደርቆ ከቆየ በኋላ ቢቀባው፣ ሁለቱም እኩል ያብረቀርቃሉ፤ ውኃው ይበልጥ የሚቆይለት ግን የመጀመሪያው ነው።

ይሁንና መሸፈን መጠገን አይደለም፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳተውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። በወይራ ዘይት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ኦሌይክ አሲድ የቆዳን የላይኛውን ንጣፍ አያይዘው የያዙትን ተፈጥሯዊ ቅባቶች ሊያላላ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ አነስተኛ ጥናት፣ አዋቂዎች ክንዳቸውን ለሳምንታት ሲቀቡ የቆዳቸው መከላከያ ተዳክሞ መጠነኛ መቅላት ታይቶባቸዋል። ስለዚህ ቆዳቸው ገና ለስላሳ የሆነ ጨቅላዎችንና ኤክዜማ (ቆዳን የሚያደርቅና የሚያሳክክ ሕመም) ያለበትን ሰው በዚህ ዘይት አዘውትሮ መቀባት አይመከርም፣ በዚህ ላይ ማመንታት አያስፈልግም ባይ ነኝ። ጤናማ ቆዳ ያለው አዋቂ አልፎ አልፎ ቢቀባ የሚያገኘው ስሜት ግን ከሰው ሰው ይለያያል፤ አንዱን ያለሰልሰዋል፣ ሌላውን ፊቱ ላይ ብጉር ያወጣበታል።

ጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው «ኤክስትራ ቨርጂን» ደግሞ የአጨማመቁንና የምግብነት ጥራቱን የሚመለከት ስያሜ ነው፤ ነፃ አሲዱ፣ ማለትም ከዘይቱ ቅባት ተላቆ የሚገኘው አሲድ፣ ከ0.8 በመቶ አይበልጥም ማለት እንጂ ለቆዳ ተመርምሯል ማለት አይደለም።