ፀረ-አረም ኬሚካል በጅማ የቡና ማሳ

ጅማ ላይ ቡና ያለው ሰው ክረምቱን ከአረም ጋር ሲታገል ነው የሚያሳልፈው። ጥቂት ሳምንት ዞር ካሉ ችግኙ ተውጦ ይጠብቃል። ምክንያቱ ዝናቡ ነው። ጅማ አጠገብ ያለውን መልኮን ብንወስድ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1753 ሜትር ላይ ሆኖ በዓመት ከ1500 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንብበታል።

ከጅማ 12 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው መልኮ፣ የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ያለበት ነው። ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ1967 ተቋቋመ። የአገሪቱ የቡና ምርምር እናት ቤት ቢባል አይበዛበትም።

አስቸጋሪው አረም ልብስ ላይ የሚጣበቀው ጭጎጎት አይደለም፤ እሱስ በእጅ ይነቀላል። ራስ ምታቱ ሰርዶና እንግጫ ነው። ሰርዶን በዶማ ሲቆርጡት እያንዳንዱ ቁራጭ ራሱን ችሎ ይበቅላል። ኬሚካል የተፈለገውም ለዚህ ነው። ግላይፎሴት የተባለው ፀረ-አረም ከቅጠል ወደ ሥር ይወርዳል። ሌላው ፀረ-አረም ፓራኳት ግን የነካውን አረንጓዴ ብቻ ያቃጥላል፤ ሰርዶው ብዙም ሳይቆይ ይመለሳል። ቱ ፎር ዲ (2,4-D) ደግሞ ጤፍና ስንዴን ትቶ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን ይገድላል። ቡናም ሰፊ ቅጠል መሆኑን የረሳ ገበሬ ግን ቡናውን ራሱ ይጎዳል።

ግላይፎሴትም ቢሆን ቡናን አይምርም። ነፋስ ወስዶ ችግኝ ላይ ካሳረፈው አዲሱ ቅጠል እንደ ክር ይቀጥናል። ስለዚህ የመርጫው አፍ መከለያ ይፈልጋል፤ የተቆረጠ ጀሪካንም ቢሆን። ውሃውም ንጹሕ ይሁን። ግላይፎሴት ከአፈር ጋር ስለሚጣበቅ፣ ከደፈረሰ ወንዝ ተቀድቶ የተበጠበጠው ጉልበት የለውም። ብዙ ሰው «መድኃኒቱ ፎርጅድ ነው» የሚለው ያኔ ነው።

ጤናን በተመለከተ ክርክሩ አላለቀም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2015 ግላይፎሴትን «ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» ከሚባሉት መደበው። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በዚያው ዓመት ዕድሉ ዝቅተኛ ነው አለ። ፓራኳት ላይ ግን ክርክር የለም፤ ጥቂት ጉንጭ እንኳ ይገድላል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2007 አግዶታል። እኛ ጋ ለፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ወጥቷል።

እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ላይ የኬሚካል ቅሪት አገኘሁ ማለቷ ይታወሳል። የተገኙት ግን ፀረ-አረም ሳይሆኑ ፀረ-ነፍሳት ነበሩ፤ ያመጣውም ማሳው ሳይሆን ቡናው የተሞላበት ጆንያ ነው ተብሏል።

በጫካ ቡና ውስጥ መርጫ ብዙም አይገባም። እዚያ ሥራው የገጀራ ነው፤ ለቀማ ሲቃረብ ከቡናው ግርጌ ያለው አረም ይመነጠራል።