ሕጉን «ፈጸመ» ማለት «ሻረ» ማለት አይደለም

በማታ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ላይ አዲስ ተማሪ በገባ ቁጥር «መምህር፣ ሕጉ እኮ ቀርቷል፤ አሁን ያለነው በጸጋ ዘመን ነው» መባሌ የማይቀር ነው። ተናጋሪው ብዙውን ጊዜ ኦሪት ዘሌዋውያንን ገልጦ የማያውቅ ስለሆነ፣ ቀርቷል የሚለው የትኛው ድንጋጌ እንደሆነ ስጠይቀው ዝም ይላል።

ቀላል ቀላሉን ላስቀድም። ሕግ ማለት ዐሥርቱ ትእዛዛት ብቻ አይደለም፤ የአይሁድ ትውፊት በአምስቱ የሙሴ መጻሕፍት ውስጥ 613 ትእዛዛትን ይቆጥራል። «ቶራ» የሚለው የዕብራይስጥ ቃልም ከድንጋጌ ይልቅ ለ«ትምህርት» ስለሚቀርብ፣ የአብርሃም ታሪክ ሳይቀር በሕግ መጻሕፍት ውስጥ ተካቷል። «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» የአዲስ ኪዳን ግኝት አይደለም፤ ዘሌዋውያን 19፥18 ነው። «ዓይን በዓይን» ደግሞ ቅጣቱ ከጉዳቱ እንዳይበልጥ ወሰን ያበጃል እንጂ ለቂመኛ ፈቃድ አይሰጥም፤ እዚያው ዘጸአት 21 ላይ ሁለት ቁጥር ዝቅ ብሎ፣ የባሪያውን ዓይን ያጠፋ ጌታ ባሪያውን አርነት ያውጣው ይላል እንጂ የጌታው ዓይን ይውጣ አይልም። እስራኤል ሕግ በመጠበቁ ከግብፅ ወጣ የሚልም ምዕራፎቹን ይቁጠር፤ ባሕሩ የተከፈለው በምዕራፍ 14፣ ትእዛዛቱ የተሰጡት በምዕራፍ 20 ነው።

ዕረፍት የሚነሣኝ ግን ማቴዎስ 5፥17 ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት «ልፈጽም እንጂ ለመሻር አልመጣሁም» የሚለውን ቃል በቀይ እስክሪብቶ አስምሮበት፣ «ልፈጽም» የሚለውን ከብቦ፣ በኅዳጉ «አለቀ» ብሎ ጽፎ መጣ። ጣቱ ላይ ገና ወር ያልሞላው የጋብቻ ቀለበት ነበረና፣ «ጓደኞችህ ጋብቻውን ፈጸመ ሲሉ ፈታት ማለታቸው ነበርን?» ብዬ ጠየቅሁት። ክፍሉ ሳቀ፤ እርሱ አልሳቀም። አማርኛችን «ቃሉን ፈጸመ» ሲል የተናገረውን አደረገ ማለቱ ነው፤ ከሥሩ ያለው የግሪክ ቃልም «ሞላ» የሚል ነው። ጌታ «ለመሻር አልመጣሁም» ባለበት ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሻረ ብሎ ማንበብ የሚቻለው ግማሹን ካልተመለከቱት ብቻ ነው። ቀጥሎ ያለውስ ምን ያሳያል? አትግደል የሚለው እስከ ቍጣ፣ አታመንዝር የሚለው እስከ ዓይን አምሮት ይዘልቃል፤ ይህ የተሻረ ሕግ አካሄድ አይደለም።

ተማሪው ግን በዚህ አልተረታም፤ ሮሜ 10፥4ን፣ «የሕግ ፍጻሜ ክርስቶስ ነው» የሚለውን አወጣ። እዚያ ያለው «ቴሎስ» የተባለ የግሪክ ቃል ማብቂያም መድረሻ ግብም ሊሆን ስለሚችል ሊቃውንት ተከራክረውበታል። ሆኖም ያው ጳውሎስ በዚያው መልእክት በ3፥31 ሕግን በእምነት እንሽራለንን ብሎ ጠይቆ «ሕግን እናጸናለን» ብሎ መልሷል፤ በ7፥12 ሕጉ ቅዱስ ነው ብሏል፤ በ13፥10 ፍቅርን የሕግ ፍጻሜ አድርጎታል። ፍጻሜ ማለት ማለቂያ ብቻ ከሆነ፣ የሚዋደድ ሰው ሁሉ ሕግን እየሻረ ነው ልንል ነው።

ይህ ሲባል ሁሉም ድንጋጌ በሁሉም ላይ እኩል ይጸናል ማለት አይደለም። ሐዋርያት ግዝረትን ከአሕዛብ ባመኑት ላይ እንዳልጫኑ የሐዋርያት ሥራ 15 ይናገራል፤ የዕብራውያን መልእክትም የእንስሳት መሥዋዕት በክርስቶስ መሥዋዕት መተካቱን ያስረዳል። ገላትያ 3፥24 ሕጉን «ሞግዚት» ይለዋል፤ በዚያ ዘመን ሞግዚት ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የሚያደርስ፣ ጠባዩንም የሚጠብቅ አገልጋይ ነበር። ልጁ ሲያድግ ከሞግዚቱ ሥልጣን ይወጣል፤ ሞግዚቱ «አትስረቅ» ብሎ ያስተማረው ግን አብሮት ያድጋል።

ስለዚህ ከሮሜ 6፥14 «ከሕግ በታች አይደላችሁም» የሚለውን ብቻ መዝዞ ለሚመጣብኝ ሰው አሁን አልከራከርም። ቀጣዩን ቁጥር፣ ማለትም እንግዲህ ኃጢአት እንሥራን ብሎ ጠይቆ «አይደለም» የሚለውን አስነብበዋለሁ፤ ከዚያም የሮሜን 16 ምዕራፎች በአንድ መቀመጫ አንብቦ፣ በሚቀጥለው ማክሰኞ እስክሪብቶውን ቤት ትቶ እንዲመለስ እሰደዋለሁ።