ከጋቢው ስር፦ ስለ ፕሮስቴት ካንሰር ቀዶ ሕክምና የምንሳሳታቸው ነገሮች

ወንድምጋሼ ከሆስፒታል በወጣ በሦስተኛው ቀን ቤቱን ጠያቂ ሞላው። ብርቱካን በኪሎ፣ ለስላሳ በካሳ መጣ። እሱ ሶፋው ጥግ ላይ ጋቢውን እስከ ቁርጭምጭሚቱ አልብሶ ተቀምጧል። «እግዜር ይማርህ» ላለው ሁሉ ብድግ ሳይል «አሜን» ይላል። የታዘቡት አልጠፉም። ከጋቢው ስር፣ ፌስታል ውስጥ፣ የሽንት ከረጢት እንዳለ የምናውቀው ሚስቱና እኔ ብቻ ነበርን።

ዕድሜው 63 ነው። ፕሮስቴት በሚባለው የወንዶች እጢ ላይ ካንሰር ተገኝቶበት እጢው ራሱ ሙሉ በሙሉ ወጥቶለታል። በእነዚያ ሳምንታት ከጠያቂው፣ ከዘመዱና ከራሱ ከወንድምጋሼ የሰማኋቸውን ነገሮች ነው የማነሳው። እንድጽፍ ፈቅዶልኛል። «ስሜን ብቻ እንዳትጠራ» ብሎ።

«ካንሰር ቢላ ከነካው ይሰራጫል»

ይሄ ከአክስታችን የመጣ ነው። ከየት እንደተነሳ መገመት አይከብድም። ብዙ ሰው ሐኪም ቤት የሚሄደው በሽታው አጥንት ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ይከፈታል፣ ሰውየው ይሞታል፣ ቢላው ይታማል። ካንሰሩ ግን ቢላው ሳይደርስ ተሰራጭቶ ነበር። በሽታው ገና እጢው ውስጥ ብቻ ሳለ ከተደረሰበት፣ እጢውን ማውጣት ከዋነኞቹ የማዳኛ መንገዶች አንዱ ነው።

«ካንሰር ከተባለ ነገውኑ መቆረጥ አለበት»

የለም። አንዳንዱ የፕሮስቴት ካንሰር ለዓመታት አድፍጦ ይቀመጣል፣ አንዳንዱ ፋታ አይሰጥም። በእንግሊዝ አገር በጊዜ የተደረሰባቸው 1,643 ወንዶች በሦስት ተከፍለው አንዱ ቡድን ቀዶ ሕክምና፣ ሌላው ጨረር፣ ሦስተኛው ክትትል ተመደበለት። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ሲወጣ፣ ከ15 ዓመት በኋላ በዚህ ካንሰር የሞቱት በሦስቱም ቡድን ከመቶ ከሁለት እስከ ሦስት ገደማ ነበሩ። ስለዚህ «የኔ የትኛው ዓይነት ነው? ክትትል ይበቃኛል?» ብሎ መጠየቅ ፈሪነት አይደለም። የወንድምጋሼ ዝም ብሎ የሚታይ ዓይነት አልነበረም።

«ፕሮስቴቱ የወጣ ወንድ ተሰለበ ማለት ነው»

ዋናው ፍርሃት ይሄ ነው። ጮክ ብሎ የሚናገረው ግን የለም። ወንድምጋሼ ቀጠሮውን ሁለት ጊዜ ያዛወረው በዚህ የተነሳ ነው። ለእኛ «ሥራ በዝቶብኝ» ነበር የሚለን።

መስለብ ቆለጥን ማውጣት ነው። ፕሮስቴት ሌላ ነገር ነው፤ ከሽንት ፊኛ በታች የሽንት ቱቦውን የከበበ፣ ትንሽ ሎሚ የሚያህል እጢ ነው። ሥራው ከዘር ጋር የሚወጣውን ፈሳሽ በከፊል ማመንጨት ነው። የወንድነት ሆርሞን በዋናነት የሚመረተው ቆለጥ ውስጥ ነው፣ ቆለጡ ደግሞ በቦታው አለ። ድምፅ አይቀጥንም፣ ጢም አይረግፍም። ነገሩን የሚያምታታው፣ ለተሰራጨ ካንሰር ሆርሞኑን የሚያጠፋ መርፌ መሰጠቱ ወይም ቆለጥ መውጣቱ ነው። ያ ራሱን የቻለ ሌላ ሕክምና ነው።

የሚጎዱት ነርቮች ናቸው። ብልት እንዲቆም የሚያደርጉት ነርቮች ከእጢው ግራና ቀኝ ተለጥፈው ያልፋሉ። ድሮ አብረው ይቆረጡ ነበር። ፓትሪክ ዋልሽ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1982 ነርቮቹን አትርፎ እጢውን ማውጣት እንደሚቻል በሥራ አሳየ። ዛሬ ካንሰሩ ካልተጠጋቸው ለማትረፍ ይሞከራል። ቢተርፉም ግን ይደነዝዛሉ። እስኪመለሱ ወራት፣ አንዳንዴም ሁለት ዓመት ይፈጃል። ዕድሜ፣ ስኳር በሽታና የቀድሞው አቅም ልዩነት ያመጣሉ። ሁሉም እንደ ድሮው ይሆናል ብዬ አልዋሽም። እንክብል፣ መርፌና የቫኩም መሣሪያ አለ። ለልብ ናይትሬት የሚባለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን እንክብሉን በራሱ ገዝቶ እንዳይሞክር፣ የደም ግፊቱ ቁልቁል ይወርዳል።

አንድ ነገር ግን በእርግጥ ይቀራል። እርካታው ቢኖርም ፈሳሽ አይወጣም፣ በተለመደው መንገድ መውለድም ያበቃል። ልጅ የሚፈልግ ሰው ዘር ስለማስቀመጥ አስቀድሞ ይጠይቅ።

«ካቴተሩ ከወጣ ሽንቱ ተስተካከለ»

እጢው ሲወጣ የሽንት ቱቦው ተቆርጦ ከፊኛው ጋር እንደገና ይሰፋል። ስፌቱ እስኪጠግግ ሽንቱ በካቴተር፣ ማለትም ፊኛው ውስጥ በሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ ይወርዳል፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት። ወንድምጋሼ ካቴተሩ የሚወጣበትን ቀን እንደ ፋሲካ ነበር የጠበቀው። ወጣለት። የሐኪም ቤቱን ደረጃ ሲወርድ ሱሪው ረጠበ። ታክሲ ውስጥ ቃል አልተነፈሰም። ቤት ሲደርስ «አበላሹኝ» አለ።

አላበላሹትም። ሽንት የሚይዙት ሁለት መዝጊያዎች ናቸው፣ የላይኛው በቀዶ ሕክምናው ይጎዳል። የታችኛው ጡንቻ ሸክሙን ብቻውን እስኪለምደው ሲያስሉ፣ ሲስቁ፣ ከወንበር ሲነሱ ያመልጣል። አብዛኛው ሰው በወራት ውስጥ፣ እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ፣ በጣም ይሻለዋል። ጥቂቶች ላይ ይቀራል፣ ለእነሱም ተጨማሪ ሕክምና አለ። ይህንን አስቀድሞ ቁጭ አድርጎ የነገረን ሰው አልነበረም። እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ጡንቻውን የሚያጠነክር ስፖርት አለ። ሰው መሃል ፈስ እንዳያመልጥ እንደሚይዙት አድርጎ ማጥበቅ ነው፤ ሆድና መቀመጫ ሳይጨመቅ። አምስት ሰከንድ ያህል ይዞ፣ ያንኑ ያህል ለቆ፣ አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። ካቴተሩ ውስጥ እያለ አይሠራም። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ቢለመድ ደግሞ ይመረጣል።

ወንድምጋሼ በራሱ ያገኘው መላ ውሃ መጠጣት ማቆም ነበር። ሽንቱ ወፍሮ ፊኛውን ይበልጥ አስቆጣው፣ ድርቀትም ጨመረለት። መቀነስ የነበረበት ቡናውን ነው። በኋላ ከአቦሉ ቀምሶ ቶናና በረካውን ለጠያቂ ተወ። ዳይፐር ሊገዛ ፋርማሲ ሲገባ «ለእናቴ ነው» አለ። እናታችን ካረፈች ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

ቤተ ክርስቲያንም በር ላይ ተሳልሞ መመለስ ጀምሮ ነበር፣ የንስሐ አባቱ ጠርተው «ያመመው ሰው ምን በደለ?» እስኪሉት። ሽንቱ ለማይቋረጥለት ሙስሊምም ብዙ የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) ሊቃውንት ለየሶላቱ ወቅት ውዱእ አድርጎ እንዲሰግድ ገር አድርገውለታል። ለብቻ ከመብሰልሰል መጠየቅ ይሻላል።

«በሽተኛ ተኝቶ ነው የሚድነው»

ተኝቶ የሰነበተ ሰው እግሩ ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሞች ከማግስቱ ጀምሮ ያራምዳሉ። ከባድ ዕቃ ማንሳት ግን ለስድስት ሳምንት ያህል ክልክል ነው፣ ብስክሌትና በቅሎም ይቆዩ። ማማጥ ስለማይፈለግ ተልባ፣ አትክልትና ውሃ ይበርክቱ። ሽንቱ አልፎ አልፎ ፈዘዝ ያለ ቀይ ቢሆን ብዙ አያስደነግጥም። ካቴተሩ ማውረድ ካቆመ፣ ሙቀት 38 ካለፈ፣ አንድ እግር ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን ቡናው እስኪፈላ እንኳ አይጠበቅም።

«በሮቦት ከሆነ ምንም ጉዳት የለውም»

ይሄኛው ከአሜሪካ በስልክ የመጣ ነው። ሮቦቱ በራሱ አይቀድም፣ የሚያንቀሳቅሰው ሐኪሙ ነው። ቁስሉ ያንሳል፣ የሚፈሰው ደምም ያንሳል። በሽንትና በወሲብ በኩል ግን አውስትራሊያ ውስጥ በተደረገ ጥናት ከተለመደው ቀዶ ሕክምና ጋር ሲወዳደር፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ውጤቱ ተቀራራቢ ነበር። ዋናው የሐኪሙ ልምድ ነው።

«ወጣ፣ አለቀ ደቀቀ»

ፒኤስኤ የሚባለው የደም ምርመራ ከቀዶ ሕክምናው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ ይሠራል። ፕሮስቴት ስለሌለ ቁጥሩ ከምንም የማይቆጠር መሆን አለበት። በኋላ ተነሥቶ 0.2 ከደረሰና በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ፣ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። ያኔም ጨረር ሊያድን ይችላል። ለዚህ ነው ቀጠሮው ለዓመታት የሚቀጥለው። ደህና ነኝ ብሎ መቅረት የለም።

«ይሄ ለሰው አይወራም»

የያኔው የአሜሪካ የመከላከያ ሚኒስትር ሎይድ ኦስቲን እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2023 ለዚሁ ካንሰር ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ዕለት ኢንፌክሽን መልሶ ሆስፒታል አስገባቸው። ፕሬዚዳንቱ እንኳ ለቀናት አልሰሙም ነበር። በኋላ አደባባይ ወጥተው ይቅርታ ጠየቁ። የዚያን ያህል ሥልጣን ያለው ሰው ከደበቀ፣ በወንድምጋሼ አልፈርድም።

ችግሩ አባቱ ወይም ወንድሙ የታመመ ሰው ራሱም ከሌላው ይበልጥ ተጋላጭ መሆኑ ነው። እሁድ ቡና ላይ ወንድምጋሼ «አንተ ስንት ሞላህ?» አለኝ። «51» አልኩት። ምንም አልመለሰም። ሰኞ ጠዋት ደወለና ላቦራቶሪው በስንት ሰዓት እንደሚከፈት ነገረኝ።