በኖድ ጄኤስ ሰርቨር ላይ ሎግ ማተም

ሰርቨር ላይ የሚሠራ የጃቫስክሪፕት ፕሮግራም ውስጡ ምን እየሆነ እንደሆነ የሚናገርበት ቀላሉ መንገድ ተርሚናሉ (ትእዛዝ የሚጻፍበት የጽሑፍ መስኮት) ላይ መጻፍ ነው፤ ይህም ሎግ ማድረግ ይባላል። አዳማ ውስጥ ኮድ የምንጽፍ ልጆች አንድ ነገር አልሠራ ሲል መጀመሪያ የምንባባለው «እስኪ ሎግ አድርገው» ነው።

ጃቫስክሪፕት በአብዛኛው የሚታወቀው በብራውዘር ውስጥ ነበር። ራያን ዳል እ.ኤ.አ. በ2009 ጃቫስክሪፕትን የሚያስኬደውን የጉግልን ቪ8 ሞተር ይዞ፣ ከብራውዘር ውጭ ጃቫስክሪፕት የሚሠራበትን ኖድ ጄኤስን ሲያወጣ ቋንቋው ወደ ሰርቨር በሰፊው ገባ፤ ኮንሶል የሚባለው ዕቃም አብሮ መጣ። ልዩነቱ ሰርቨር ላይ እንደ ብራውዘር የሚታይ ገጽም ሆነ የሚጫን ቁልፍ የለም፤ የሚታተመው ሁሉ የሚወጣው በጽሑፍ ብቻ ነው።

ጽሑፉ የሚወጣባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። ኮንሶል.ሎግ፣ ኮንሶል.ኢንፎ እና ኮንሶል.ዲባግ ወደ ስታንዳርድ አውትፑት ይጽፋሉ፤ ኮንሶል.ኤረር፣ ኮንሶል.ዋርን እና ኮንሶል.ትሬስ ግን ወደ ስታንዳርድ ኤረር። ስክሪን ላይ ሁለቱ ተቀላቅለው ስለሚታዩ ብዙ ሰው ልብ አይልም። ውጤቱን ወደ ፋይል ያዞረ ቀን ግን ኤረሮቹ ፋይሉ ውስጥ አይገኙም፤ ሁለተኛውን መንገድ ስላላዞረ ነው።

ኦብጀክት (ብዙ መረጃ በየስሙ የያዘ ዕቃ) ሲታተም ኖድ በራሱ ከ2 ደረጃ በላይ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ ከዚያ በታች ያለውን «ኦብጀክት» ብሎ በቅንፍ ይዘጋዋል። ከ100 በላይ አባል ያለው ዝርዝርም ከመቶኛው በኋላ ይቆረጣል። ዳታው ጠፋ ብሎ ከመደናገጥ በፊት ኮንሶል.ዲርን ያለ ጥልቀትና ያለ ብዛት ገደብ መሞከር ነው። ሌላው የጀማሪ እንቅፋት ከዳታቤዝ ይመጣል የተባለው መረጃ ቦታ ላይ «ፕሮሚስ፣ ፔንዲንግ» (መረጃው ገና አልደረሰም) የሚል ጽሑፍ ማየት ነው፤ ያን ጊዜ ዳታቤዙን መውቀስ አያስፈልግም፣ የተረሳችው መረጃው እስኪመጣ የምታስጠብቀው አዌይት የምትባለው ቃል ናት።

በአማርኛ ለሚሠራ ሰው አንድ ነገር ይጨመራል። ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ «አዳማ» 3 ፊደል ቢሆንም 9 ባይት ነው። መረጃ ቁርጥራጭ እየሆነ ሲመጣ መቁረጫው አንዱ ፊደል መሃል ላይ ሊያርፍ ይችላል። እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው ወደ ጽሑፍ ቀይሮ ያተመ ሰው ከደንበኛው ስም መሃል የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር አልማዝ ያገኛል። ቁራጮቹን መጀመሪያ አገጣጥሞ ኋላ መቀየር ነው መፍትሔው።

ፍጥነትም ይነካል። ኖድ ጃቫስክሪፕቱን የሚያስኬደው በአንድ የሥራ መስመር፣ አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ሳይጀምር ነው፤ ወደ ፋይልም ሆነ በሊኑክስ ወደ ተርሚናል ሲጽፍ ደግሞ ጽሑፉ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ስለዚህ ሺህ ጊዜ በሚዞር ሉፕ ውስጥ የገባ ኮንሶል.ሎግ ሌላውን ተጠቃሚ ሁሉ ያስጠብቃል። ለትልልቅ ሥራ እንደ ዊንስተንና ፒኖ ያሉ ላይብረሪዎች የሚመረጡት መልእክቱን በደረጃ ስለሚለዩና፣ የማይፈለገውን ደረጃ ኮዱን ሳይነኩ መዝጋት ስለሚቻል ነው።

ከሁሉ የሚከፋው የሰው ምስጢር ማተም ነው። ባግ ለማግኘት ተብሎ ከተጠቃሚው የመጣው ጥያቄ በሙሉ ይታተማል፤ ባጉ ይገኛል፣ መስመሩ ግን ይረሳል። ከዚያ በኋላ የተጠቃሚው ስልክና የይለፍ ቃል በየቀኑ ፋይል ውስጥ ይከማቻል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የሕግም ጉዳይ ነው፤ ሕጉ ባይኖርም እንኳ አደራ መብላት ነው።

እኔን ብዙ ያስተማረኝ ግን ሰዓቱ ነው። አዳማ ለአንድ ሆቴል የክፍል ማስያዣ ሠርተን ሳለ ሪሴፕሽኒስቷ ደውላ «ወንድሜ፣ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ እምቢ አለኝ» አለችኝ። ሎጉን ከፍቼ 4፡00 ላይ ፈለግሁ፤ ጸጥ ያለ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር 10፡00 መሆኑ ትዝ ሲለኝ እዚያም አየሁ፤ የለም። ኤረሩ የተቀመጠው 7፡00 ላይ ነበር። ኖድ የቀን ኦብጀክት በቀጥታ ሲታተም የሚያሳየው የዩቲሲን (የዓለም አቀፉን መነሻ) ሰዓት ነው፤ እኛ ደግሞ ከዩቲሲ 3 ሰዓት እንቀድማለን። ያንኑ ቀን ከሌላ ጽሑፍ ጋር በመደመር ምልክት ካያያዝነው ደግሞ ማሽኑ የተሞላበትን የአካባቢ ሰዓት ያወጣል። ስለዚህ አንድ ፕሮግራም ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰዓት ተቀላቅሎ ማግኘት የተለመደ ነው፤ በሪሴፕሽኒስቷ አፍ ያለው ሦስተኛው ነው።

ሎጉ ሁሌም በዩቲሲ ቢጻፍ እመርጣለሁ፤ ሰርቨሩ የትም ቢሄድ አይዛባም። ከደንበኛ የሰማሁትን ሰዓት ለመፈለግ የቀን ከሆነ 3፣ የማታ ወይም የሌሊት ከሆነ 15 እደምራለሁ፤ 24 ከደረሰ ወይም ካለፈ 24 እቀንሳለሁ። ማታ 3 ሰዓት ያሉኝን 18፡00 ላይ፣ ሌሊት 7 ሰዓት ያሉኝን 22፡00 ላይ አገኘዋለሁ። ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት የሆነ ነገር ሲሆን የካላንደሩ ቀን እዚህ ተቀይሮ ሎጉ ላይ ግን የትናንቱ እንደሆነ ነው፤ ፋይሉ በየቀኑ የሚከፈል ከሆነ መከፈት ያለበት የትናንቱ ፋይል ነው።