የአየር ንብረት ማጣጣሚያ ዕቅድ ትንተና ምንድን ነው?

የአንዲት ከተማ የአየር ንብረት ለውጥ ማጣጣሚያ ዕቅድ፣ ማለትም ለውጡ የሚያመጣውን ጉዳት ለመቋቋም የምታወጣው ሰነድ፣ በባለሙያዎች ተመዝኖ ከፍተኛ ነጥብ ባገኘ ቁጥር፣ ከተማዋ ጎርፍንም ሙቀትንም ለመቋቋም ተዘጋጅታለች የሚል አስተያየት ይከተላል። ስሙን መጥቀስ የማያስፈልግ አንድ አስተያየት ሰጪ እንዲያውም የዕቅዶቹን ነጥብ በደረጃ ደርድሮ፣ ከላይ የወጡትን ከተሞች «አይበገሬ»፣ ከታች የቀሩትን «ተጋላጭ» ብሎ ሰይሟቸዋል። ትንተናው ግን ከተማዋን አልመዘነም፤ የመዘነው ሰነዷን ነው።

ተንታኙ ዕቅዱን የሚያነበው አስቀድሞ በተዘጋጁ መመዘኛዎች ነው። የሚጠበቁት አደጋዎች በአካባቢው ማስረጃ ተደግፈዋል ወይ፣ ግቦቹ ሊለኩ ይችላሉ ወይ፣ ይበልጥ ተጋላጭ የሆኑት ነዋሪዎች በዝግጅቱ ተሳትፈዋል ወይ፣ ለእያንዳንዱ እርምጃ ፈጻሚ አካል፣ የጊዜ ገደብና የገንዘብ ምንጭ ተመድቦለታል ወይ ብሎ ይጠይቃል። የማጣጣሚያ ዕቅድን ከሌሎች ዕቅዶች የሚለየው መመዘኛ ደግሞ እርግጠኛ አለመሆንን የሚመለከተው ነው፤ ለአንድ የዝናብ ትንበያ ብቻ ተብሎ የተነደፈ የጎርፍ መከላከያ፣ ዝናቡ ከተገመተው በላይ ሲሆን ሊያገለግል ስለማይችል፣ ዕቅዱ ትንበያው ቢለወጥ ምን እንደሚደረግ መናገር አለበት።

ነገሩን ከሐኪም ማዘዣ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ማዘዣውን የሚመረምር ባለሙያ የመድኃኒቱ ስም በግልጽ መጻፉን፣ መጠኑና የሚወሰድበት ሰዓት መጠቀሱን፣ በሽተኛው ለክትትል መቼ እንደሚመለስ መታዘዙን ያያል፤ በሽተኛው መድኃኒቱን ገዝቶ እንደወሰደ ወይም እንደዳነ ግን ከወረቀቱ ሊያውቅ አይችልም። ይህ ማለት ምርመራው ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ መጠኑ ያልተጻፈበት ማዘዣ ጎበዝ ፋርማሲስት እጅ ቢገባም አደጋ አለው። ንጽጽሩ ግን እስከ መጨረሻው አይዘልቅም፤ በእኛ ጉዳይ ሕመሙ ራሱ ከዓመት ዓመት እየተለወጠ ይሄዳል፣ አዛዡም ከፋዩም ብዙ ጊዜ ያው መሥሪያ ቤት ነው።

ጠቅላላ ድምሩ የሚደብቀው ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የአካባቢ አስተዳደሮች የተዘጋጁ 44 የማጣጣሚያ ዕቅዶችን የመረመረ ጥናት፣ ዕቅዶቹ በርካታ እርምጃዎችን እንደሚዘረዝሩ፣ ስለ አፈጻጸማቸው ግን በቂ መመሪያ እንደማይሰጡ አሳይቷል። እርምጃዎችን በመዘርዘር የተገኘው ነጥብ በአፈጻጸም የጎደለውን ሲሸፍነው፣ አማካዩ የሚያምር ቁጥር ይሆናል። ስለዚህ የእያንዳንዱ መመዘኛ ነጥብ ለየብቻው ሳይታይ የሚነገር ድምር ብዙ ጊዜ አሳሳች ነው፤ ረጅም ሰነድም በርዝመቱ ብቻ ነጥብ የመሰብሰብ ዕድል አለው።

ሌላው ስሕተት ማጣጣምን ከማስተሰረይ (የበካይ ጋዝ ልቀትን ከመቀነስ) ጋር ማደባለቅ ነው። የመንገድ መብራቶችን በፀሐይ ኃይል መተካት የበካይ ጋዝ ልቀትን ይቀንሳል፤ ብቻውን ግን ከጎርፍ አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ፣ 885 የአውሮፓ ኅብረት ከተሞችን የዳሰሰ ጥናት፣ ልቀትን የመቀነስ ዕቅድ ያላቸው ወደ 66 ከመቶ ገደማ፣ የማጣጣሚያ ዕቅድ ያላቸው ግን 26 ከመቶ ገደማ ብቻ መሆናቸውን አግኝቷል። ሁለቱን «የአየር ንብረት ዕቅድ» በሚል አንድ ስያሜ ጠቅልሎ የሚቆጥር ሰው ይህን ልዩነት ፈጽሞ አያየውም።

ዝቅተኛ ነጥብም በራሱ የቸልተኝነት ማስረጃ አይደለም። አንድ አስተዳደር ስለ ጎርፍ ያወጣው ጠንካራ ደንብ በመሬት አጠቃቀም ዕቅዱ ወይም በሕንፃ መመሪያው ውስጥ ሊገኝ ይችላል። የሚያሳስበው ሰነዶቹ እርስ በርስ ሲጣረሱ ነው፤ የማጣጣሚያ ዕቅዱ ጎርፍ የሚያጥለቀልቀው ሜዳ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ሲያዝ፣ የቤቶች ዕቅዱ አዲስ ሰፈር እዚያው ሜዳ ላይ ሊመራ ይችላል። በዚህ ምክንያት ዛሬ ዛሬ በርካታ ተንታኞች አንድን ሰነድ ለብቻው ከማንበብ ይልቅ፣ የአስተዳደሩን ዕቅዶች አንድ ላይ አድርገው በየሰፈሩ ምን እንደሚያስከትሉ ያያሉ።

ደረጃ መደርደር ለሚወዱ ደግሞ አንድ የሙያችንን ጣጣ ልጨምር። እያንዳንዱን ዕቅድ ቢያንስ ሁለት አንባቢዎች ሳይመካከሩ ሊመዝኑት፣ የፍርዳቸውም ስምምነት በስታቲስቲክስ ሊለካ ይገባል፤ «ግቡ ሊለካ ይችላል» የሚለውን መመዘኛ አንዱ ጠበቅ፣ ሌላው ላላ አድርጎ ስለሚተረጉመው፣ ስምምነቱ ምሉዕ አይሆንም። ሁለት ከተሞች በ3 ነጥብ ቢበላለጡ፣ ያ ልዩነት በሁለቱ አንባቢዎች መካከል ካለው ልዩነት ያነሰ ሊሆን ይችላል።